«1 አሮጌ ጠመንጃ»

ለክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ገጽ አንድ አንባቢ፣ የማይተኩሱበትን ጠመንጃ ቤታቸው አስቀምጠው የሚኖሩ ሰዎች «ወይ ፈሪ ወይ ጉረኛ ናቸው» ብለው የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። ስደግመው ግን ጸሐፊው ከእነዚህ ሰዎች ከአንዱም ጋር ቁጭ ብለው እንዳላወሩ ገባኝ። እኔ አውርቻለሁ። 31 ዓመት መሣሪያ ስጠግን ነው የኖርኩት፤ የመጀመሪያዎቹን 9 ዓመታት በሠራዊት ግምጃ ቤት፣ የቀሩትን በራሴ ጠረጴዛ ላይ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ብብቱ ሥር ይዞ በሬን የሚያንኳኳ ሰው አልፎ አልፎ አይጠፋም።

ፈሪም ጉረኛም አጋጥሞኛል፣ አልዋሽም። እነሱን ግን በጣቶቼ ቆጥሬ እጨርሳቸዋለሁ። የሚበዛው ሰው ጠመንጃውን የሚያቆየው ስለሚፈልገው ሳይሆን እንዴት እንደሚሰናበተው ስለማያውቅ ነው። የመጻፌም ነገር ይህቺን ለመናገር ነው፤ ወሬዬ ረዘም ካለ የዕድሜ ነውና ታገሡኝ።

ጸሐፊው ፈሪ ያሉት ከመሬት ተነሥተው አይደለም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 የጠመንጃ ባለቤቶችን ለምን እንደያዙ ጠይቆ 72 ከመቶ የሚሆኑት ራስን መጠበቅ ትልቁ ወይም አንዱ ትልቅ ምክንያታቸው እንደሆነ ነግረውታል። ይሁን። ግን አንድ ሰው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሦስት መሣሪያ ካለው፣ ራሱን የሚጠብቀው በአንዱ ነው። የሁለቱን ነገር ማን ይጠይቀዋል? እኔ እጠይቅ ነበር፤ ያውም ለፍልስፍና ብዬ ሳይሆን ለሥራዬ። «ለመጨረሻ ጊዜ የተተኮሰበት መቼ ነው?» ሁልጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይህ ነበር። በድሮ ጥይት፣ ቀለሁ ቂጥ ላይ ባለችው ማቀጣጠያ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት ይገባ ነበር። እሱ ሲቃጠል አፈሙዙ ውስጥ ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ጨው ደግሞ እርጥበት ይጠራል፤ እርጥበት ዝገትን። ባለቤቱ በዘይት ወልውሎ ያስቀመጠው ይመስለዋል፤ ጨው ግን በዘይት አይሟሟም፤ መድኃኒቱ ሙቅ ውሃ ነው። ስለዚህ መቼ፣ በምን ጥይት እንደተተኮሰ ማወቅ አለብኝ።

ሰዎቹ ለዚህች ቀላል ጥያቄ ዓመተ ምሕረት አይመልሱልኝም ነበር። መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ከዚያ ታሪክ ይጀምራሉ።

አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በየዓመቱ በአንድ ወር፣ ቀኑን ሁሉ ሳይስቱ የአደን ጠመንጃቸውን ይዘው ይመጣሉ። «ምን ላድርግልዎ?» ስላቸው «እንደ ወትሮው» ይላሉ። እፈታዋለሁ፣ እወለውለዋለሁ፣ እገጥመዋለሁ። ከውስጡ የሚወጣው ጨርቅ ከገባው ይልቅ ንጹሕ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ምክንያቱም ካለፈው ዓመት ወዲህ የነካው ሰው የለም። ስጨርስ መቀርቀሪያውን ከፍቼ እንድዘጋላቸው ይጠይቁኛል፤ ያን የጥይቱን መግቢያ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ብረት ማለቴ ነው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታልና ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡታል። ቀጭ፣ ቀጭ። «አንዴ ድገመው።» እደግመዋለሁ። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይሸከሙትና ይሄዳሉ። እንዲህ ሲመላለሱ አንድም ጥይት ሳይተኩሱበት 14 ዓመት ሞላቸው። አንድ ቀን ደፈር ብዬ «ለምን ለሚያድን ሰው አይሰጡትም?» አልኳቸው። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ይኼ ከቤት የወጣ ቀን፣ ማታ ማታ የማወራው ሁሉ ውሸት ይመስላል» አሉኝ።

እንግዲህ እኚህን ሰው ጉረኛ ይበሏቸው ጸሐፊው። ለእኔ ጠመንጃው ምስክራቸው ነበር። ጉልበታቸው ሄዷል፣ ዓይናቸው ሄዷል፣ አብረዋቸው ያደኑት ሄደዋል፤ «አዎ፣ ነበርክ» የሚላቸው አንድ ብረት ቀርቷል።

ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ኔች እና ሪቻርድ ታለር የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ሙከራ፣ ለግማሾቹ ተማሪዎች አንድ አንድ የቡና ኩባያ ሰጥተው ስንት ቢከፈላቸው እንደሚሸጡት ጠየቋቸው፤ ኩባያ ያልደረሳቸውን ደግሞ በስንት እንደሚገዙት። ሻጮቹ የጠሩት ዋጋ ገዢዎቹ ከጠሩት እጥፍ ገደማ ሆነ። ልብ በሉ፣ ኩባያ ነው። ገና አሁን የተሰጣቸው፣ ቡና እንኳ ያልጠጡበት። አባትህ 40 ዓመት ትከሻው ላይ ያዋለውን ነገር ደግሞ አንተ አስበው።

ቋንቋችን ራሱ እንደ ሰዉ ነው፤ አሮጌ ጠመንጃ አይጥልም። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ነው፤ ባዚል ግራ በተባለ መኮንን ስም የተጠራ፣ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት። ምንሽር ከኦስትሪያዊው ማንሊኸር ስም የመጣ ነው። መሣሪያዎቹ በየሙዚየሙ ተሰቅለዋል፤ ስማቸው ግን እስከ ዛሬ በአፋችን አለ። ይህን የጻፍኩት ለነገሬ ማስረጃ ይሆናል ብዬ አይደለም፤ ስለምወደው ነው።

አሁን ወደማልወደው ልሂድ።

አንዲት ሴት መጡ፤ በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ፣ ረጋ ያሉ። ባለቤታቸው ካረፉ 19 ዓመት ሆኗቸዋል። ጠመንጃውን በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልለው ጠረጴዛዬ ላይ በጣታቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት፤ የሞተ እባብ እንደሚገፋ ሰው። «ወንድሜ፣ ባዶ ነው፤ ጥይቱን እሱ በሕይወት እያለ አውጥቶታል» አሉኝ። ባዶ ነው የተባለን መሣሪያ ባዶ ነው ብዬ አምኜ አላውቅም። አፈሙዙን ጥግ ወዳለው አሸዋ የሞላ ሣጥን አዞርኩት። ካዝናውን፣ ጥይቶቹ የሚደረደሩበትን ሣጥን፣ ነቀልኩት፤ እውነታቸውን ነው፣ ባዶ ነው። ከዚያ መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ሳብኩት። አንዲት ጥይት ዘልላ ወጣች፣ ወለሉ ላይ ተንጣጣች፣ ተንከባለለችና ጠረጴዛው እግር ሥር ቆመች። ሴትዮዋ በዓይናቸው ተከተሏት። ለብዙ ጊዜ አልተናገሩም። በኋላ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጆቼ ያደጉት እኮ ከዚህ በላይ ተኝተው ነው።»

ሟቹ ሞኝ አልነበሩም። የሠሩት ስህተት በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ሁሉ የሚበዛው ነው። ካዝናውን ነቀሉ፤ ጠመንጃው የጎረሰውን ግን ረሱት። ካዝና ሲነቀል የጎረሰው ጥይት አብሮ አይወጣም፤ ከብዙዎቹ መሣሪያዎች ካዝናው ወልቆም ቃታው ከተሳበ ጥይቱ ይሄዳል። «አርጅቷል፣ አይተኩስም» የሚለውም ወሬ የዚሁ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ የተሠራው ሞሲን ናጋንት፣ ከ1898 ጀምሮ የተሠራው ማውዘር ዛሬም የሚተኩስ ሞልቷል። ደረቅ ቦታ የተቀመጠ ጥይትም ከባለቤቱ በላይ ሊኖር ይችላል። እስቲ ይሠራ እንደሆን ልሞክረው ብሎ ቃታ ስቦ፣ ዝም ሲለው ወዲያው አፈሙዙን ወደ ራሱ አዙሮ የሚያይም አለ። ያረጀ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ቢያንስ 30 ሰከንድ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞሩ መጠበቅ የሠራዊት ግምጃ ቤት ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት የተማርኩት ነገር ነው።

ሴትዮዋን 19 ዓመት ሙሉ ለምን እንዳቆዩት ጠየቅኋቸው። ትዝታ ነው የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። «እፈራዋለሁ» አሉኝ። «ታዲያ?» «የት ይወሰዳል? ለማን ይሰጣል? እዚህ ነው ያለው ብዬ ብናገር፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ ነው የሚሉኝ።» ወረቀቱ በባላቸው ስም ነበር፤ ባል ሲሞቱ ወረቀቱም ሞተ። አንድ ወር ዘገዩ፣ ኀዘን ላይ ነበሩ። አንድ ዓመት ዘገዩ። ከዚያ በኋላ መዘግየቱ ራሱ ጥፋት ሆነባቸው። በየዓመቱ መናገሩ እየከበደ፣ ዝምታው እየቀለለ ሄደ። እኔ ዘንድ እንኳ የመጡት ልጃቸው አግብታ የልጅ ልጅ ሲወለድና ያ የሕፃን ብርድ ልብስ ሲፈለግ ነው።

እንግዲህ ጸሐፊው ፈሪ ያሉት እኚህን ከሆነ ልክ ናቸው። ግን የፈሩት ሌባ አይደለም፤ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ የተቀመጠውን መዝጋቢ ነው።

ይህ የእሳቸው ብቻ ጉዳይ እንዳልሆነ የአውስትራሊያ ነገር ያሳየኛል። እዚያ ፖርት አርተር በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ ሰው 35 ሰው ከገደለ በኋላ መንግሥት የከለከላቸውን መሣሪያዎች እየገዛ 650,000 ገደማ ሰበሰበ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ያልተመዘገበ መሣሪያ ያለው ሦስት ወር ውስጥ ቢያስረክብ አይከሰስም ተባለ። 57,324 መሣሪያ መጣ። ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ለዓመታት የሆነ ቦታ ተኝተው የነበሩ ይመስለኛል። ባለቤቶቻቸው የጎደላቸው «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» የማይል በር ነበር። ይህን አይተው ይመስለኛል ከሐምሌ 2021 ወዲህ በሩን ጨርሶ ክፍት ያደረጉት፤ ምሕረቱ አሁን ቋሚ ነው። ጎበዝ ሥራ ነው። የጊዜ ገደብ የሚያስፈልገው ለሚያመነታ ሰው ነው፤ ለሚያፍር ሰው ግን በፈለገው ቀን የሚገባበት በር ነው የሚሻለው።

አንዳንዱ «ተቀምጦ ምን ያደርጋል? አይበላ አይጠጣ» ይለኛል። ለዚህ መልስ ስሰጥ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ደንበኞቼ ከነበሩት ሁለቱን የቀበርኩት በዚሁ ምክንያት ነውና። ሁለቱም መሣሪያቸውን ለዓመታት አልተኮሱበትም ነበር። ሰው የሚጨልምበት ሰዓት አለ፤ ሰዓቱ ያልፋል፤ ግን ሳያልፍ ብረቱ እጁ አጠገብ ከሆነ ሁለተኛ ዕድል የሚሰጥ መሣሪያ አይደለም። የእስራኤል ጦር እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣት ወታደሮቹ ለቅዳሜና እሁድ ዕረፍት ወደ ቤት ሲሄዱ መሣሪያቸውን ጦር ሰፈር ትተው እንዲሄዱ አዘዘ። ከዚያ በኋላ በወታደሮቹ መካከል ራስን የማጥፋት ቁጥር 40 ከመቶ ገደማ ቀነሰ፤ የቀነሰውም በዋናነት በእነዚያ የዕረፍት ቀናት ነው። ማንም ጠመንጃውን አልተነጠቀም። ጠመንጃው ለሁለት ሌሊት ሌላ ቦታ አደረ፣ ይኸው ነው። ስዊዘርላንዶችም ወታደሩ መሣሪያውን ቤቱ እንዲያቆይ እየፈቀዱ፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ አብሮት ቤት ይቀመጥ የነበረውን ጥይት ለቅመው ወሰዱ።

ስለዚህ ጠመንጃውን መልቀቅ ያልሆነለትን ሰው አልጨቀጭቀውም። መቀርቀሪያውን ንቀልና ሌላ ቤት አስቀምጠው እለዋለሁ፤ ጥይቱን አስረክብ፤ የቀረውን ቆልፍበት። ለልጆችህም ያለበትን የሚናገር ወረቀት ጻፍ። መቀርቀሪያ የሌለው ጠመንጃ ትዝታ ለመሆን ምንም አይጎድልበትም። ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው የፈለገም ቢሆን ባለሙያ ፈልጎ ዳግም እንዳይተኩስ ያስመክነው፤ ግን የረባ ባለሙያ። አፈሙዙን አንዲት ነጥብ በይዶ «መከነ» የሚል ሞልቷል፣ የበየደውን ደግሞ የሚፈታ አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ማምከን አንድ ወጥ ደንብ ያወጣው እንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ እየተጠገነ ሰው ስለተገደለበት ነው።

ይህን ሁሉ ምክር የምሰጠው ሰው ራሴስ?

አለኝ። አንድ። የአባቴ ነው፤ ማውዘር። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ አባቴ በመዳብ ሽቦ አሥራ አንድ ዙር ጠምጥሞታል። አጠማጠሙ የሚያሳፍር ነው። ሽቦው አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቷል፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ስላልታጠፈ ስንት ጊዜ መዳፌን ቧጭሮኛል። እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሽቦውን ፈትቼ፣ ስንጥቁን በማጣበቂያና በእንጨት ካስማ እንዳልነበረ ላደርገው እችላለሁ፤ ለሌላ ሰው ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ይህንን ግን በ31 ዓመት አልነካሁትም። እኔ ጠጋኝ የሆንኩት እሱ ይህን ሽቦ ሲጠመጥም ጉጠቱን ይዤ አጠገቡ ተቀምጬ ስለነበር ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጉልበቴ መክዳት ሲጀምር፣ ልጆቼን ዕዳ ውስጥ አልጥልም ብዬ ወረቀቱንና ጠመንጃውን ይዤ ላስረክብ ሄድኩ። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልጽፍም፤ የተቀበለኝም ወጣት ክፉ ልጅ አልነበረም። «አባባ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ስቦልኛል። ከዚያ ጠመንጃውን ሳያየው በአንድ እጁ አንሥቶ ጥግ ላይ በተቆለሉት ላይ ጣለው። ሽቦው ከሌላ ብረት ጋር ሲጋጭ ሰማሁት። ከደብተሩ ላይ ብጣሽ ወረቀት ቀዶ ጻፈና ሰጠኝ። መነጽሬን አውጥቼ አነበብኩት። «1 አሮጌ ጠመንጃ» ይላል። ሌላ ምንም የለበትም።

«ልጄ፣ መዝገቡ ላይ አስገባኸው?» አልኩት። «ገና ነኝ፣ ከሰዓት በኋላ አስገባዋለሁ።» «እንግዲያውስ መልስልኝ።» ግራ ገባው። ሦስት ጊዜ ለምን አለኝ፤ ምን ብዬ ላስረዳው? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የእሱ ወረቀት ግን ምንም የያዘው ነገር አልነበረም፣ ሞኙ እኔ ብቻ ሆንኩ። ጠመንጃዬን ብርድ ልብሱ ውስጥ መልሼ ጠቅልዬ ወጣሁ። በዕድሜዬ ያደረግሁት በጣም የልጅ ሥራ ይህ ሳይሆን አይቀርም። መንገድ ላይ እንባዬን እየጠረግሁ፣ በሥራ ዘመኔ ስንቱን ሽማግሌ «ስጠው፣ ይሻልሃል» ብዬ እንደገፋሁ አሰብኩ።

አዘጋጅ ሆይ፣ ጋዜጣዎን የሚያነብ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ካለ የምለምነው ብዙ አይደለም። ሐውልት አልጠየቅሁም፤ ገንዘብም አልፈልግም። የርክክቡ ወረቀት ላይ የመሣሪያው ዓይነት፣ ቁጥሩ፣ ባለቤቱ የነበረው ሰው ስም፣ ያስረከበው ሰው ስምና ቀኑ ይጻፍ። መሣሪያው በአስረካቢው ፊት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ሰውየው ከወጣ በኋላ የፈለጉበት ይቆልሉት። ከተቻለ ደግሞ የማይተኩስ አንድ ነገር፣ ማንገቻውን ወይም የሰደፉን ቁራጭ፣ ለቤተሰቡ ይመልሱለት። ይህን የሚሠራ ሰው አሥር ደቂቃ ቢፈጅበት ነው።

የእኔው መቀርቀሪያው እኅቴ ቤት ነው፤ ጥይቱን ያኔውኑ አስረክቤአለሁ። ቀሪው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ የት እንዳለ ልጆቼ ያውቃሉ። ወረቀቱ ላይ «አንድ ማውዘር፣ ሰደፉ ተሰንጥቆ በባለቤቱ እጅ በመዳብ ሽቦ የተጠገነ» ብሎ የሚጽፍልኝ መሥሪያ ቤት ከተገኘ፣ መቀርቀሪያውን ከእኅቴ ተቀብዬ ሰኞ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ። ሽቦውን ግን ፈትቼ አስቀራለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረታ የወጣ የመሣሪያ ጠጋኝ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ይገኛል)